ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ

ሶዶ ላቦራቶሪ የገባሁት በጽዳት ነው። በመጀመሪያው ቀን ወለሉን ወልውዬ ሳልጨርስ ቴክኒሽያኑ ሳሙኤል ጠርቶ ማይክሮስኮፕ አሳየኝ።

«እማማ፣ ሁለቱም አሜባ ናቸው። አንዱ አንጀት ይበላል፤ ሌላው ምንም አያደርግም።»

«ክፉው የቱ ነው?»

«ዓይን አይለየውም። ክፉው ላይ ብቻ ያለ ፕሮቲን አለ። እሱን የሚይዝ ምርመራ ነው የምንሠራው።»

«እስከ ዛሬ በግምት ነዋ መድኃኒት የምንውጠው!» አልኩት። እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። ወላይትኛ ስለምችል ግን የምርመራው ጥናት ኃላፊ ዶክተር የልጆች ሰገራ ናሙና መሰብሰብ ጨመረልኝ። ጠዋት ከበዴሳ ከተማ አጠገብ ባለች ቀበሌ ለእናቶች ባለ ክዳን ብልቃጥ አድላለሁ፤ ስቀበል በረዶ ያለው ሳጥን ውስጥ እከታለሁ፤ በረዶው ሳይቀልጥ በሚኒባስ ሶዶ እገባለሁ።

«እማማ፣ ቅቤ ከሆነ አቅምሺን እንጂ» አለኝ አንድ ቀን የሚኒባሱ ረዳት።

«ክፈትና ራስህ ቅመስ» አልኩት።

እናቶቹ ግን ስማቸው መጻፉን ፈሩ። አስቴር የምትባል ቆጮ ሻጭ ነበረች፤ ልጇን ብርቄን ደም እየቀላቀለ ያስቀምጣት ነበር። መድኃኒት ስትወስድ ይተዋትና ይመለስባታል። «ስሜን እንዳትጽፊ። የተቅማጥ ቤት ከተባልኩ ቆጮዬን ማን ይገዛኛል?» አለችኝ። ለዶክተሩ ነገርኩት። «ደንባችንም እንደዚያው ነው፤ ቁጥር ብቻ» አለ። ከዚያ ወዲህ እናቶቹ ብልቃጡን ራሳቸው ሳጥን ውስጥ እየከተቱ ሄዱ። ቁጥር የተለጠፈበት ሶዶ ከደረሰ በኋላ ነው፤ የትኛው የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

«መልሱ መቼ ይመጣል?» አለችኝ አስቴር።

«ሲያውቁት ይነግሩናል» አልኳት። ዶክተሩ ጥናቱ ለሕዝቡ ይጠቅማል ብሎን ነበር፤ አምኜው ነበር።

ምርመራው ሠራ። ከዚያች ቀበሌ ሦስት ብልቃጦች ላይ ፕሮቲኑ ተገኘ። የላቦራቶሪው ሰዎች ሁሉ ተቃቀፉ።

«የማን ልጆች ናቸው?» አልኩ።

«ቁጥር እንጂ ስም የለንም» አለ ዶክተሩ።

«ተመልሰን እንሰብስብ።»

«የምርመራው ኬሚካል አልቋል፤ ጥናቱም ተዘግቷል።»

«እንግዲያው ለልጆቹ ሁሉ መድኃኒት ስጡ።»

«እማማ፣ እኛ የጥናት ሰዎች ነን። ለማከም ፈቃድ የለንም።»

«ሰገራቸውን ለመውሰድ ፈቃድ ነበራችሁ!»

አቀረቀረ። ክፉ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ በሞተር ሄጄ እናቶቹን ሰበሰብኩ። «ክፉው ሦስት ቤት ገብቷል። ልጆቻችሁን ጤና ጣቢያ ውሰዱ» አልኩ። አንዷም የኔ ነው አላለችም። ሁሉም የየጎረቤታቸውን ደጃፍ ተመለከቱ። አስቴርም «ብርቄ ድናለች» ብላ በሯን ዘጋች።

ብዙም ሳይቆይ ብርቄ ሆዷ ተነፍቶ ሶዶ ሆስፒታል ስትደርስ አንጀቷ ተበስቶ ነበር። አልተረፈችም።

ለቅሶው ላይ አስቴር እጄን ያዘች። «ከሦስቱ አንዷ የኔ ነበረች?»

«አላውቅም» አልኳት።

አሁንም አላውቅም። ያ ምርመራ እዚያ ጤና ጣቢያ እስከ ዛሬ አልደረሰም። አሁንም በማይክሮስኮፕ አይተው «አሜባ» ይላሉ፤ የትኛው እንደሆነ አይሉም።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው፦ ናሙና ከመቀበላችሁ በፊት መልሱ እናቲቱ ጋ በምን መንገድ እንደሚደርስ ጠይቁ። መንገድ የለም ካሏችሁ ብልቃጡን አታድሉ።