ባሌ የተረጎመው ፊልም

ሰው ቀናተኛ ናት ብሎ ሲያማኝ አልከፋኝም፤ ቀናተኛ ነበርኩና። የሚከፋኝ «በጥላ ቀናች» ሲሉኝ ነው። መጀመሪያ ላይ፣ አልዋሽም፣ በጥላ ነበር። ነጭ ሸራ ላይ በምትመላለስ፣ ስሟን እንኳ አፌ በማይዝልኝ በአንዲት ፈረንጅ። በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ፤ የሚያሙኝ ሰዎች ያን አያውቁም።

ጣሊያን ከአገር ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አራዳ ላይ ሠርቶት የሄደው ሲኒማ ቤት እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊልም ያሳያል። ፊልሙ በጣሊያንኛ ስለሚናገር አንድ ሰው ከሸራው ግርጌ ቆሞ ለሕዝቡ በአማርኛ ይተረጉማል። ያ ሰው ባሌ ነበር። በሥራ ቀን አዘዞ ወርዶ፣ አገሩ ሳይመለስ ከቀረ አንድ ጣሊያን ጋር ማኪና ይጠግናል፤ ቋንቋውንም የለመደው ሞተር ሥር ተጋድሞ ሲሰደብ ነው። እሑድ ሲሆን እጁን በሳሙና ይፈትግና ኮቱን ለብሶ ወንዱንም ሴቲቱንም፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም ሆኖ ይናገራል። የሴት ቃል ሲናገር እንደ ቀልደኛ ድምፁን አያቀጥንም። ሕዝቡ ለዚህ ይወደው ነበር።

እኔና እሱ የተጋባነው በሰማንያ ነው። ከእኔ በፊት ድብ ባሕር በሚባል ገጠር ሚስት ነበረችው፤ ሰማንያቸውን ቀደው፣ ከብትና እህላቸውን ተካፍለው ተለያይተዋል። ይህን አውቄ ነው የገባሁበት። ያን ዓመት የነፍስ አባታችን ለፋሲካ አብረን እንድንቆርብ መክረውን ነበር። ሰማንያ ሲያስጠላ ይቀደዳል፤ ሰው ድርሻውን ይዞ ይሄዳል። ባልና ሚስት ሥጋ ወደሙን ከተቀበሉ ግን መለያየት የለም፣ ሞት ካልመጣ በቀር። ባሌ ሳያስብበት «እሺ አባ» አለ። መቸኮሉን ከፍቅር ቆጥሬ ለእናቴ በኩራት ነገርኳት። እሷም ዕልል አለችልኝ።

ያ ፊልም የመጣው እንግዲህ ጥር ላይ ነው። እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ፈረስ የለበት፣ ሽጉጥ የለበት፣ ንጉሥ የለበት። ባልና ሚስት ባሕር አጠገብ ባለች ከተማ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ይኖራሉ። እሱ ሰዓት ይጠግናል፤ እሷ የሰው ልብስ ታጥባለች። አይጣሉም፤ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ይነሣሉ። አንድ ቀን ዝናብ ይዟቸው አንዱን ካፖርት ለሁለት ደርበው ሲሮጡ ይሳሳቃሉ፤ አዳራሹም አብሯቸው ሳቀ። ቤት ሲገቡ ግን ካፖርቱን ሰቅለው እንደገና ዝም ይላሉ። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ አንዲት ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥላ ወደ በሩ ትሄዳለች። ሰውዬው ከገበታው አይነሣም። የዚያን ጊዜ ባሌ ከሸራው ግርጌ እንዲህ አለ፦

«ሂጂ፤ አልይዝሽም። የምትቀመጪበት ላይ ግን ማንም አይቀመጥም። እኔም ዞሬ ነው የማልፈው። ሰው ቢጠይቀኝ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች እላለሁ። እስክሞት ድረስ፣ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች እላለሁ።»

 ከዚያ ሴቱ ሁሉ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ይጠርግ ጀመር። ከኋላዬ የተቀመጠው ወታደር እንኳ አፍንጫውን ሳበ። እኔ አላለቀስኩም። ጆሮዬ ጋለ። ይህ ድምፅ እስከ ዛሬ የት ነበር? ቤቴ ውስጥ የማውቀው «ወጡ ጨው አንሶታል» የሚለውን፣ «በሩን ዝጊው» የሚለውን፣ «ነገ ማልጄ እወርዳለሁ» የሚለውን ድምፅ ነው። ይኼ ግን ከሆድ የወጣ፣ የለሰለሰ፣ ለመውጣት የፈራ ድምፅ ነበር። ኮቱን ያጠብኩለት እኔ፣ ቃሉን የወሰደችው እሷ።

በዚያ ሳምንት ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሰው የጎረቤቱን ትዳር እንደሚያነሣ ያነሣው ነበር። ጠላ የምትሸጠው ጎረቤቴ ሴትዮዋን ሞኝ አለቻት። የሰማንያ ሚስት ከሆነች እኩሌታዋን ሳትካፈል ቦርሳ ብቻ ይዛ መውጣቷ ምን የሚሉት ነው? ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ሁሉ ለብቻው ለእሱ ነው? ወንዝ ወርጄ ያገኘኋት የአንድ ቄስ ሚስት ደግሞ፣ ቀለበት አድርጋለች፣ ደወልም ተደውሏል፣ ስለዚህ ቆርባለች፤ ቆርባ ከወጣች ነፍሷን ጥላ ነው የወጣች አለች። ሁለቱ በዚህ ተጣልተው ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረሱ። በሰማንያ ነው፣ በቁርባን ነው እያሉ እኔን ዳኛ ያደርጉኛል፤ የተርጓሚው ሚስት ነኝና የማላውቀው ያለ አይመስላቸውም።

አንዲት ወጣት ሙሽራ፣ ሳይመታት፣ ሳይሰክር፣ ሌላ ሳይለምድባት ምን ሆንኩ ብላ ነው የምትሄደው ብላ ጠየቀች። በዕድሜ የገፉት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። የሠፈራችን የድጓ መምህር ሲኒማ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ሲያወግዙ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸውም አንድ ቀን ደጄ ላይ ቆመው ታሪኩን ከራሱ እስከ እግሩ አስነገሩኝና፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጥቂት አሰቡ። «ምነው፣ አገሩ ሽማግሌ የለውም?» አሉ። ይህ አስተያየታቸው ከሁሉ የበለጠ ተወራ። እውነትም አንድ ሰው መሀል ገብቶ ተይ አንቺ፣ ተው አንተ ሳይል ትዳር ሲፈርስ ማየት ለእኛ አገር ሰው ከመለያየቱ የባሰ ነውር ነበር። ወታደሮቹም ሽጉጥ የለበትም ብለው አኩርፈው ነበር፤ እሑድ ሲደርስ ግን ከፍለው ተመልሰው ገቡ።

ይህ ሁሉ ሰው የተስማማው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሰውዬው ቃል። ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች የምትለዋን እየደገሙ ደረታቸውን ይዳብሱ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ይዞሩና «ታድለሽ፤ ይኼን የመሰለ ሸጋ አንደበት እቤትሽ ይዘሽ» ይሉኛል። እኔ እስቃለሁ። ውስጤ ግን ሚጥሚጣ እንደ ነካው ቁስል ይለበልበኛል። አንደበቱማ እቤት የሚመጣው ለመብላት ነው ልላቸው ያምረኛል፤ ገበና ነውና እውጠዋለሁ።

እቤት ስገባ ዕዳውን ባሌ ይከፍላል። ወጡን ሆን ብዬ ጨው አበዛሁበት፤ ሁለት ዋንጫ ውኃ ጠጥቶ ምንም ሳይል ተነሣ። ወደ ጸጉር ሠሪ ሄጄ ጥሩ ሹሩባ ተሠርቼ መጣሁ፤ ቀና ብሎ «ተሠራሽ?» አለና ጫማውን ማውለቅ ቀጠለ። በመጨረሻ ቢቸግረኝ፣ ያቺ የፊልሟ ሴት ቆንጆ ናት ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና «ደኅና ናት» አለ። ለእኔ ደኅና ናት ብሎ የማያውቅ ሰው! ያቺ «ደኅና» እንቅልፌን ወሰደችው።

እሑድ ሲደርስ እኔም ሄድኩ። ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። ሴትዮዋንማ በፊተኛው ሳምንት ከጸጉሯ እስከ ተረከዟ መርምሬያት ስለነበር፣ ከእኔ የምትበልጥበት ነገር እንደሌለ አውቄአለሁ። ይህን ጊዜ ልብ ብዬ ለማየት የፈለግሁት ሰውዬውን ነው። ወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ቃል ሲናገር ፊቱ ምን ይመስላል? ያን ፊት ካወቅሁት ምናልባት አንድ ቀን ባሌ ላይ አገኘዋለሁ ብዬ ነው። ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንጠለጠለች። ሰው ሁሉ ዓይኑን በሩ ላይ ተከለ። እኔ ዓይኔን ከሰውዬው አልነቀልኩም። ባሌ «ሂጂ፤ አልይዝሽም» ሲል የሰውዬው አፍ ተዘግቶ ነበር። ዳቦውን አላመጠ፣ ዋጠ፣ ማንኪያውን አስቀመጠ። አንዲት ቃል አልተናገረም።

 ቃሉ የፊልሙ ካልሆነ የባሌ ነው ማለት ነው። የባሌ ከሆነ ደግሞ ለማን ይሆናል? እኔ እዚያው ፊቱ ተቀምጫለሁ! እንደ ሙሽራ እያፈርኩ፣ እስኪያልቅ ጠበቅሁት።

ተያይዘን ወጣን። የነገሥታቱን ግንብ አጥር እስክናልፍ፣ ሰላም የሚለን ሰው ሁሉ እስኪቀር ዝም አልኩ።

«ሰውዬው አልተናገረም» አልኩት።

ጥቂት ተራመደ። «አልተናገረም» አለ። «ዝም ብል ደግሞ ሕዝቡ ተርጓሚው ዘለለው ይለኛል። ሰውዬውም አንድ ነገር ሊላት ይገባ ነበር።»

«ታዲያ ቃሉን ከየት አመጣኸው?»

አንቱ የምለውን ባሌን አንተ ማለቴን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሱ ልብ አላለውም። እያየኝ ሳይሆን መንገዱን እያየ ነገረኝ። ያችኛዋ ሚስቱ ድርሻዋን በበቅሎ ጭና ከድብ ባሕር ቤታቸው ስትወጣ፣ እሱ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ የእርሻ ጠፍር ይጠግን ነበር። በቅሎዋ ጋራውን እስክትዞር ቀና አላለም። ቃሉ የመጣለት ከሄደች በኋላ ነው። ጎረቤት ሚስትህ ምነው አትታይም ሲለው፣ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች ብሎ መለሰ፤ ሰዎቹ ነገሩን እስኪሰሙና ማፈሪያ እስኪሆን ድረስ እንደዚያው እያለ ከረመ። ከዚያ በሬዎቹን ሸጦ ወደ አዘዞ ወረደ። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ድምፁ ያው የሲኒማ ቤቱ ድምፅ ነበር።

ያን ሰዓት ፈረንጇን ይቅር አልኳት። ሸራ ተጠቅልሎ ይነሣል፤ ፊልሙም ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ድብ ባሕር ያለችው ግን የምትበላ፣ የምትጠጣ፣ እንደ እኔው ቀሚስ የምትለብስ ሴት ናት። ከተማው ሁሉ ያለቀሰው ለእሷ ነው። ጠላ ሻጯም፣ ወታደሩም፣ ሙሽራዋም ሳያውቁ ለእሷ አለቀሱላት። ታድለሽ የተባልኩት ግን እኔ ነኝ!

«ለእኔስ?» አልኩት። «ለእኔ እንዲህ ያለ ቃል የለህም?»

ገርሞት አየኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ክፋት ቢኖርበት ኖሮ በተሻለኝ። «አንቺማ አልሄድሽ» አለ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ያችን መልስ እያገላበጥኩ ሥራ ፈታሁ። ስፈትል ክሩ ይበጠስብኛል። ባሌ ለቁርባን የቸኮለበት ምክንያት ቀስ እያለ ተገለጠልኝ። አንዴ ሚስት የሄደችበት ሰው ነው፤ ሁለተኛ እንዳይሄዱበት በሩን መዝጋቱ ነው። በሩ ከተዘጋ እኔ የትም አልሄድም። የትም ካልሄድኩ ደግሞ ያ ቃል ለእኔ አይባልም። በረት የገባችውን ላም ማን በስሟ ይጠራታል? የሚጠሩት የጠፋችውን ነው።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የነፍስ አባታችን መጡ። ባሌ ለቁርባኑ አዲስ ኩታ አሠርቶ በወረቀት ጠቅልሎ አስቀምጦ ነበር። አባ መስቀላቸውን አሳልመውን ተቀመጡና በመጀመሪያ እሱን ጠየቁት። ፈቃደኛ ነኝ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አባ፣ እኔ በሰማንያዬ ልቆይ» አልኩ።

 አባ ነውር አግኝተሽበት ነው ወይ አሉኝ፤ የለም አልኩ። ያጎደለብሽ ነገር አለ? የለም። ታዲያ ልጄ ምንድን ነው ሲሉኝ፣ የመጣልኝን ነገርኳቸው። ቅናት ነው አልኳቸው። በማን ሲሉኝ፣ በሄደችው አልኳቸው። አባ ብዙ ዘመን ኑዛዜ የሰሙ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለው ግን ገጥሟቸው አያውቅም መሰለኝ፣ ጢማቸውን ይዘው ቀሩ። ሰይጣን ነው አሉ፤ ስግደት አዘዙኝ። ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ። ሐሳቤ ግን ንቅንቅ አላለም።

ባሌ ያን ቀን አልተቆጣም፤ ብቻ ከዚያ በፊት አይቶኝ እንደማያውቅ ሰው አየኝ። ኩታውን ሳጥን ውስጥ ከተተው። እናቴ አኮረፈችኝ፤ የነፍሷን ድኅነት በእልህ ጣለችው ያለ ሰውም ነበር። ፋሲካ መጣ፣ ሄደ፤ ሌላም ፋሲካ መጣ። የቆረቡ ጎረቤቶቼ አጊጠው ከቅዳሴ ሲመለሱ ሳይ ቆጭቶኝ ያውቃል፤ ግን አልተመለስኩም።

ድሮ ባሌ ከአዘዞ ሲመጣ ኮቱን ሰቅሎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ገበታ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ እኔ ቤት መኖሬን ልብ ሳይል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ደጃፉ ላይ ቆም ይላል። ጓዳ ከሆንኩና ካላየኝ ኮቱን አያወልቅም። «አለሽ?» ይላል፤ ያው ለመውጣት በሚፈራው የሲኒማ ቤቱ ድምፅ። ያችኛዋ ይህን ሰምታው አታውቅም።

እኔም ከጓዳ ሆኜ «አለሁ» እላለሁ። ቶሎ ግን አልመልስም።