ካላንደሬ ላይ ያለችው ሰረዝ

እግሬ ቤት ውስጥ አያርፍም። ጠዋት ከሰፈር ወርጄ ከዚራን በዛፎቹ ጥላ ጥላውን እሄዳለሁ፤ የምገዛው ባይኖረኝም ቀፊራ ገበያን እዞራለሁ። ለእንደኔ ዓይነቷ ዟሪ መሣሪያ በአደራ ይሰጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ያመጣችው ዩኒቨርሲቲ የምትማር የደጋ ልጅ ናት፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ታጠናለች። ቤቴ ከአስፋልት የራቀ፣ ባጃጅም የማይወጣው ነውና ግቢዬን መርጣ ድስት የሚያህል ነገር ቀበረችበት።

"እማማ፣ ምድር ተከፍላ የምትራራቅበት መስመር አለ፤ በአዋሽ በኩል ነው የሚያልፈው" አለችኝ። "እኛ ከዚያ ወጣ ብለን ነው ያለነው። ከመስመሩ ርቆ የሚንቀጠቀጠውን ብዙ ሰው አላጠናውም። የትኛው የምድር የራሷ፣ የትኛው ሰው ያመጣው እንደሆነ መለየት አለብኝ።"

ሰው ያመጣውን እኔም አውቀዋለሁ። ከኮረብታው ጀርባ ድንጋይ ካባ አለ፤ ድማሚት ሲተኩሱ ጉምታው፣ ያ ጉም የሚለው ድምፅ፣ ይመጣል፣ መስኮቱ ይንቀጫቀጫል። የምድር የራሷ ግን ዝም ብላ ነው የምትመጣው። ብርጭቆ ከብርጭቆ ይነካካል፣ የተሰቀለ ነገር ይወዛወዛል፣ አለቀ።

መሣሪያው ቢበላሽ ብላ እኔም የተሰማኝን እንድጽፍላት ለመነችኝ። "እርስዎ ልብ ይላሉ" አለችኝ። ጎረቤቴ በራችን ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። "አቦ፣ እርስዎ ተባልሽ እኮ። ከእንግዲህ ቀጠሮ ይዘን ነው የምናናግርሽ።"

ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ከልጆቼ ደብተር ነው። ልጅቷ የሰጠችኝ ቅጽ ሣጥን በሣጥን ሆነብኝና ሱቁ በየዓመቱ የሚያድለውን የግድግዳ ካላንደር ያዝኩ። ለካባው ሰረዝ፣ ለምድር ክብ፣ ከጎኑ የቅርቡ ሶላት፤ ዙሁር፣ አስር፣ መግሪብ። ልጅቷ ስታየው ሳቀች፤ ግን ደብተሯ ላይ ገለበጠችው።

አንድ ቀን ቀፊራ እርድ ሻጯ ጋ ቆሜያለሁ፣ የዙሁር አዛን ገና ማብቃቱ ነው። የሰቀለችው ሚዛን ማንም ሳይነካው ተወዛወዘ። ድምፅ የለም። ሴትዮዋ ዓይን ዓይኔን እያየች ሰሀኑን በእጇ ያዘችው። የካባው ነገር ቀፊራ ድረስ ደርሶ አያውቅም። ክብ ነው፣ አልኩ በልቤ።

ቤቴ ስደርስ ጎረቤቴ ትጠብቀኛለች። በአልጋዋ ራስጌ ያለው ግድግዳ በዙሁር ሰዓት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ጣቴ ይገባበታል።

"ካባው ነው" አለች። "የካባው ሰዎች በእኛ ድማሚት ከሆነ እናሠራለን፣ ማስረጃ አምጡ ብለዋል። ማስረጃዬ አንቺ ነሽ፤ ሰረዝ አድርጊልኝ።"

"እዚህ አልነበርኩም እኮ።"

"አንቺ መች እዚህ ኖረሽ ታውቂያለሽ? ጻፊው አቦ።"

ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ጅቡቲ ቀርተዋል፤ ያንን ግድግዳ ማን ያቆምላታል? ቀፊራ ያየሁትን ሳልነግራት ሰረዝ አደረግሁ።

ለካ ያን ቀን የመሣሪያው ባትሪ አልቆ ኖሯል። ልጅቷ መጥታ ካላንደሬን አየች። "እንኳን እርስዎ ኖሩልኝ" አለችና ሰረዟን ገለበጠቻት። ከዚያ የጎረቤቴን ግድግዳ ልታይ ሄደች። ስትመለስ "ካባው ባይሆን ኖሮ ዛሬውኑ ከዚያ ቤት አስወጣቸው ነበር" አለችኝ። "የምድር የራሷ ከሆነ መቼ እንደምትደግም አይታወቅም።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

"ልጄ፣ ያቺ ሰረዝ ውሸት ናት" አልኳት። የሚዛኑን ነገር ነገርኳት። አልተቆጣችም። ደብተሯ ላይ ሰረዟን አጥፍታ ክብ አደረገች፤ ከዚያ ቀና ብላ "ለእሳቸው ማን ይነግራቸዋል?" አለች።

እኔው ሄድኩ። ጎረቤቴን የሚዛኑን ነገር ነገርኳት።

"አይተሻል?" አለች።

"አይቻለሁ።"

"አይተሽ ነው እዚያ ሥር ያስተኛሽኝ?"

ፍራሿን አንድ ጫፍ ያዝኩላት። እጄን አስለቀቀችኝና ብቻዋን እየጎተተች ወደ እኔ ቤት አስገባችው፤ ሌላ የምትሄድበት የላትም። አሁን አንድ ክፍል ውስጥ ነን፤ ለሰላምታዬ ግን መልስ አትሰጥም። ካባውም አንድ ድንጋይ አላነሳላትም። እኔም ቀፊራ መዞሩን ትቻለሁ።

ትናንት ከአስር ሶላት በኋላ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ሳለ መደርደሪያው ላይ ብርጭቆዎቹ ተነካኩ። ጉምታ ጠበቅን። አልመጣም። ግድግዳዋ ባለበት በኩል ለአፍታ ተመለከተች። ከዚያ ተነስታ ብዕሩን ከካላንደሩ ሥር አንስታ አቀበለችኝ፤ ክቡን አድርጌ እስክጨርስም ከእጄ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።