«ገልብጥ» የሚለው ቁልፍ

ይህ ነገር መተረክ ይገባው እንደሆነ እጠራጠራለሁ። የሞተ ሰው የለበት፣ የተሰበረ ዕቃ የለበት። ግን ባለፈው ሳምንት የኮምፒውተር መምህራችን ምስልን እንደ መስታወት ግራና ቀኙን የሚያዞር ፕሮግራም አሠሩንና፣ «ሁለት ጊዜ ብታዞሩትስ?» ብለው ጠየቁ። ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። መልሱን የተማርኩት ንፋስ መውጫ ከተማ፣ አክስቴ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ላብ እያጠመቀኝ ነበር።

ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነበር። በስልክ የፊት ካሜራ የተነሡ ፎቶዎች ጽሑፋቸው ተገልብጦ ስለሚመጣ፣ አክስቴን ደስ ይበላት ብዬ ትንሽ ፕሮግራም ሠራሁላት። የተመረጡትን ምስሎች አዙሮ እዚያው በነበሩት ላይ ያስቀምጣል፤ የቀድሞው ይጠፋል። ቁልፉ ላይ «ገልብጥ» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ጠዋት ጉሙ ሳይነሣ ከቤተ ልሔም ድጓ ቤት አንድ መሪጌታ ጭቃውን አቋርጠው መጡ። ከስማዳ በውሰት የመጣ አሮጌ ድጓ በስልካቸው አንሥተው ምስሎቹን በሚሞሪ ካርድ ይዘዋል። ብራናው ተመልሷል፤ ዳግመኛ ከዕቃ ቤት እንዳይወጣም ተብሏል። ያላቸው ያ ካርድ ብቻ ነው።

እኔ ቅቅል ድንች ልገዛ ወጣሁ።

«እታለም፣ ይህን ገልብጪልኝ» አሏት አክስቴን። ቅጂልኝ ማለታቸው ነው። ቀኑን ሙሉ በየደብዳቤው ግርጌ «ግልባጭ» እያለች የምትተይብ ሴት ሌላ ምን ይገባታል? የሚቀዳ መስሏት ሁሉንም መርጣ «ገልብጥ» የሚለውን ተጫነች።

ስመለስ መሪጌታ ስክሪኑ ላይ ተደፍተዋል። «ፊደሉ ሁሉ ጀርባውን ሰጠኝ! በስተርጅና ከቀኝ ወደ ግራ ልማር?»

አክስቴ ደንግጣ አንዳንዱን እየከፈተች ደግማ ተጭናለች። «የትኛውን እንደነካሁ እንጃ» አለችኝ።

«የዞረው ዳግም ሲዞር ወደ ቦታው ይመለሳል» አልኩ። አንዱን ገጽ ከፍቼ ተጫንኩ። ፊደሉ ፊቱን መለሰ።

መሪጌታ ግን አላመኑም። ከፊደሉ በላይ ያሉት የዜማ ምልክቶች የጤፍ ፍሬ ያህላሉ። መነጽራቸውን አጥብቀው፣ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ አንድ መስመር አዜሙ።

«ምልክቷ አልተነካችም» አሉ በመጨረሻ። ያኔ ተነፈስኩ።

ከዚያ እሳቸው «ቀና ነው»፣ «ዞሯል» ሲሉ፣ እኔ ስጫን ዋልን። የመጨረሻው ገጽ ሥዕል ብቻ ነው፤ ጽሑፍ የለበትም።

«ይህንንስ በምን ያውቁታል መሪጌታ?» አለች አክስቴ፣ ልቧ መለስ ሲል መቀለድ ጀምራ።

«ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን በግራው ይዞ ያውቃል? ተጫኚው!»

ድንቹ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሳቅን፣ በላን። መሪጌታ ቅጂውን ይዘው ሲወጡ፣ «ልጄ፣ ስም ስታወጪ ሰው ጠይቂ» አሉኝ። የዚያኑ ዕለት ቁልፉን ሁለት አደረግሁት፤ «ቅዳ» እና «አዙር»። ዛሬም የምጽፈውን ቁልፍ ሁሉ አስቀድሜ ለዶርም ጓደኛዬ አስነብባለሁ፤ እሷ ትስቅብኛለች፣ እኔ ግን እንቅልፌን እተኛለሁ።

መሪጌታ ቅጂውን ድጓውን በቃላቸው ከሚያውቁት የኔታቸው ጋር ገጽ በገጽ ተመልክተው ሲጨርሱ ደወሉልን። «አንዲትም ምልክት አልጎደለችም።» ልቤ በእውነት ያረፈው ያን ቀን ነው፤ ጳጉሜን ሦስት።