በእትዬ ጥርጣሬ ጉሮሮ የተለካው ዘፈን

እትዬ ጥርጣሬ ያሏቸው የሬዲዮ ጣቢያው ሰዎች ናቸው፤ ስም ካወጡ አይቀር አሳምረው አውጥተውታል። ሴትዮዋ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የጣቢያውን ኮሪደር ሲወለውሉ፣ ሰው «እንደምን አደሩ» ቢላቸው እንኳ «ደግሞ ይሄ ምን ፈልጎ ነው?» ሳይሉ አላለፉም።

ሰሞኑን ግን እውነትም የሚያስጠረጥር ነገር አዩ። ዘፈን መራጩ፣ ያ ለሰው ፊት የማይሰጥ ሰውዬ፣ እሳቸው መወልወል ሲጀምሩ የክፍሉን በር ብርግድ አድርጎ አዲስ ዘፈን ይከፍታል። ከዚያ እስክሪብቶ ይዞ እሳቸውን ማየት ነው። «ጥፋቴን እየመዘገበ ነው፤ ሊያስባርረኝ ነው» ብለው ፈሩ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ጣቢያው ሁሉ የሚያውቀውን የነገረቻቸው የስልክ ኦፕሬተሯ ናት።

«እትዬ፣ እርስዎ ሳይታወቅዎ ያንጎራጎሩት ዘፈን በወሩ ከአስሩ ምርጥ ውስጥ ይገባል። ዝም ያሉት ይወድቃል። ሰውዬው አዋቂ የተባለው በእርስዎ ጉሮሮ ነው።»

መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው ተናደዱ። ከዚያ ድንግጥ አሉ። ሴት ልጃቸው ሦስት ዓመት የለፋችበት የመጀመሪያ ዘፈኗ ሰኞ ዕለት መራጩ እጅ ገብቷል። ይሄ ካላለፈላት መዝፈን እርም ብላለች። ለእናቷ እንኳ አላሰማችም፤ «አንቺ እንከን ትፈልጊያለሽ» ትላለች።

ወሬውን ሲነግሯት ዘላ አቀፈቻቸው።

«በቃ አንጎራጉሪልኛ፣ እማዬ!»

«እኔ አላጭበረብርም። ከመጣልኝ ይመጣል።»

ሐሙስ ጠዋት ከክፍሉ የልጃቸው ድምፅ ወጣ። እትዬ አንገታቸውን ደፍተው ወለሉን መወልወል ያዙ። የመጀመሪያው ስንኝ አለፈ፤ ወይ ፍንክች። ሁለተኛውም አለፈ። ተስፋ ቆርጠው መወልወያውን ባልዲው ላይ ሲጨምቁ፣ አዝማቹ ከአፋቸው ወጣ። የምር ነው፤ ማንም አልጎተጎታቸውም። ደስ ሲላቸው ጊዜ «ሰማኝ ይሆን?» ብለው ቀና አሉና መራጩን አዩት።

ያቺ አንዲት እይታ ጉድ ሠራቻቸው።

«እትዬ፣ ሌላ ጊዜ ሲያንጎራጉሩ ወደኔ አያዩም ነበር» አለ መራጩ። «ልጅዎ መሆኗንም ሰምቻለሁ።»

«ወላዲቷን! ራሱ ነው የመጣብኝ።»

«ይሆናል» አለና ወረቀቱ ላይ የልጅቷን ዘፈን በአንድ መስመር ሰረዘው። በሩንም ዘጋው።

ከሥራ ሲመለሱ ልጃቸው በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። የሆነውን አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት። ከንፈሯን ነክሳ ሰማቻቸው።

«እማዬ፣ ለኔ ብለሽ አትዋሺ» አለች። «ምንም አልመጣልሽም፣ አይደል?»

እትዬ ጥርጣሬ በዕድሜያቸው ሰው እንዲያምናቸው እንዲህ ፈልገው አያውቁም። እዚያው በሩ ላይ አዝማቹን ሊያንጎራጉሩላት አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጅቷ ግን ዓይን ዓይናቸውን ታይ ስለነበር ድምፃቸው እምቢ አለ።