አባቴ ከልብ ወለድ ሰው ጋር የተጣላበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ባህል አዳራሽ አካባቢ እየተሰበሰቡ መጽሐፍ የሚያነቡ ወጣቶች ጋብዘውኝ ነበር። ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህርት ስለሆንኩ ስለ አንድ የቆየ ልብ ወለድ እንድነግራቸው ነው የጠሩኝ። ስለ አወቃቀሩ፣ ስለ ገጸ ባሕርያቱ፣ ስለ ቋንቋው ውበት የምለውን ሁሉ ጽፌ ይዣለሁ። ገና ከመጀመሬ ከፊት የተቀመጠ ባለ መነጽር ወጣት እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ስንቱ ልብ ወለድ ታትሞ ሲረሳ ይሄ እስከ ዛሬ የሚነበበው ለምንድን ነው?»

ወረቀቴን አየሁት። የጻፍኩት ሁሉ ትክክል ነው፤ ለዚህ ልጅ የሚበቃ መልስ ግን አላገኘሁበትም። ስለዚህ ወረቀቱን አጠፍኩና ስለ አባቴ ዓይን ነገርኳቸው።

አባቴ ሸምሱ እዚሁ ሐዋሳ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። አንድ ጠዋት አዲስ የመጣ ቦንዳ ሲፈታ የታሰረበት ሺቦ ተፈናጥሮ ቀኝ ዓይኑን መታው። ሆስፒታል ስንደርስ ዓይኑ ውስጥ ደም ቋጥሯል። ዶክተሩ ሁለቱንም ዓይኖቹን በፋሻ ሸፈናቸው። ደህናው ሲንቀሳቀስ የተጎዳውም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ነው አለን።

«ከትራስዎ ቀና እንዳይሉ፣ እንዳያጎነብሱ፣ እንዳይቆጡም» አለው። «ደሙ እንደገና ከፈሰሰ ዓይኑን ልናጣው እንችላለን።»

ያኔ ገና ተማሪ ነኝ። ሰኔ ነበር፤ ትምህርት ሊዘጋ ነው። እናቴ ሱቁን ስትይዝ አባቴን ማስታመም ለእኔ ደረሰኝ። ጠዋት ጠዋት የዓሣ ሾርባ የሞላውን ፔርሙስ ከብስክሌቴ መሪ ላይ አንጠልጥዬ እሄዳለሁ። ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶታል፤ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ እርጥብ ሣር ሣር ይላል። በሌላ ጊዜ ደስ የሚለኝን ያን ሽታ ያን ሰሞን ልብ ያልኩት አይመስለኝም። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ፋሻው ሲነሳስ?

አባቴ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር የሚውል ሰው ነው። ዝም ብሎ መተኛት ከሕመሙ በላይ አሰቃየው። ያለውን ጋዜጣ ሁሉ አነበብኩለት፤ ማስታወቂያው ሳይቀር አለቀ።

«ሌላ ምን ይዘሻል?» አለኝ።

«ልብ ወለድ ነው።»

«ያልሆነ ነገር ሆነ እያለ የሚያወራውን?» ትንሽ አሰበና፣ «እስቲ አንብቢው። ጣሪያ እያየሁ እንዳልውል እሱንም ከልክለውኛል» አለ።

ይኸው ወጣቶቹ የጠየቁኝ መጽሐፍ ስለ አንድ ሀብታም ነጋዴና ስለ ልጁ ነው። ልጁ ከቤት ጠፍቶ ይሄዳል፤ ከዓመታት በኋላ ጨርቁ አልቆ፣ ስሙ ጠፍቶ ወደ አባቱ ደጅ ይመለሳል። መምህራችን የዚህ መጽሐፍ ትልቅነት በቋንቋው ነው ይሉን ነበር። እኔም አረፍተ ነገሮቹን በቃሌ እስክይዝ ወድጃቸው ነበር።

ከጎናችን ባለው አልጋ ላይ አቶ ዳንጊሶ የሚባሉ የቱላ ገበሬ ተኝተዋል። አቮካዶ ሲያወርዱ ከዛፍ ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል። መጀመሪያ ለእሳቸው ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የማነበው።

«ልጄ፣ ጮክ በይ» አሉኝ። «ልጁ ወንዙን ተሻገረ ወይስ አልተሻገረም? እሱ ጋ አልሰማሁም።»

ከዚያ በኋላ ለሁለቱ አነብ ጀመር። አቶ ዳንጊሶ ያልገባቸው ቃል ሲገጥማቸው ያስቆሙኛል። ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ቡርሳሜ፣ ያን ቅቤ የጠጣ ቆጮ፣ ይዘው ሲመጡ ደግሞ የዕለቱን ታሪክ በሲዳምኛ ይተርኩላቸዋል። ሴትየዋ አማርኛ አይሰሙም። እኔ በቃሌ የያዝኳቸው እነዚያ የሚያምሩ አረፍተ ነገሮች አንዳቸውም ለእሳቸው አልደረሷቸውም። ሆኖም የልጁ እናት የልጇን ልብስ አጥባ ለማንም ሳትናገር መልሳ የምታስቀምጥበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ሴትየዋ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እናቴም ጠዋት ሱቅ ከመክፈቷ በፊት መጥታ ስትሰማ እዚያው ቦታ ላይ ነበር ያለቀሰችው። የሚገርም ነገር ማየቴን አውቄያለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን ያኔ ልናገረው አልችልም ነበር።

በማግስቱ ልጁ የሚመለስበት ምዕራፍ ላይ ደረስን። የመንደሩ ሽማግሌዎች ነጋዴውን ከእንግዶቹ መሀል አስነስተው፣ ደጅ የቆመውን ሰው ያውቀው እንደሆነ ይጠይቁታል። ነጋዴው እንግዶቹን ያያል፤ የልጁን ባዶ እግር ያያል። «አላውቀውም» ይላል።

«ልጅህ ነው እንጂ!» የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ልጅህ ነው! እንዴት አላውቀውም ትላለህ!»

አባቴ ከአልጋው ተነስቶ ቁጭ ብሏል። ፋሻ የተጠመጠመበት ፊቱን ወደ መጽሐፉ አዙሮ፣ ሱቁ ውስጥ ያለ ይመስል እጁን ያወናጭፋል።

ሲስተር ሮጣ ገባች። ትከሻውን ይዛ በቀስታ መልሳ አስተኛችውና ወደ እኔ ዞረች። «ዓይኑን ልታጠፊው ነው እንዴ!» ብላ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችው።

አባቴ ቀኝ ዓይኔን ወጋኝ አለ። ዶክተሩ መጣ፤ በፋሻው ላይ ትንሽ እርጥበት አየና፣ ነገ ፈትተን እናየዋለን አለ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አቶ ዳንጊሶ ከአልጋቸው ሆነው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ሰው የሚቆጣው ልብ ስላለው ነው። እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ፣ «ያ ነጋዴ ክፉ አይደለም። ፈርቶ ነው» አሉ። እኔ ግን ነጋዴውን በዚያች ሰዓት እንደጠላሁት ማንንም ጠልቼ አላውቅም።

በነጋታው ዶክተሩ መጋረጃውን ጋርዶ ፋሻውን ፈታ። የአባቴን ደህናውን ዓይን በመዳፉ ከደነና፣ «አሁን ምን ይታይዎታል?» አለው።

ቀይ የሆነው የአባቴ ዓይን ዕንባ እያቀረረ ግድግዳውን፣ መስኮቱን ዞሮ እኔ ላይ ቆመ። እናቴ ክንዴን ጨብጣ ይዛኛለች።

«ዘይነባ» አለ በመጨረሻ፣ «ሹራብሽን ገልብጠሽ ነው እንዴ የለበስሽው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። እውነቱን ነው፤ ስፌቱ በውጭ በኩል ነበር። እናቴ ሳቋና ለቅሶዋ ተቀላቀለ። እኔ ከዚያን ቀን በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም፤ ከመሬት የተነሳሁ ነው የመሰለኝ። አቶ ዳንጊሶ በሲዳምኛ ከፍ ባለ ድምፅ አመሰገኑ። ዶክተሩ ዓይኑ ይድናል፣ ለጊዜው ግን ንባብ ክልክል ነው አለ።

«እኔ መች አነባለሁ፣ እሷ ናት የምታነብልኝ» አለ አባቴ። «መጽሐፉን መልሱላት።»

ሲስተር በር ላይ ቆማ ነበር። አንገቷን ደፋች።

«ዛሬን ብቻ ታገሱኝ» አለች። «ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ከሰዓት በኋላ አመጣችው። መጨረሻውን ሳነብ፣ እሷ የምታውቀውን ታሪክ እንደገና ለመስማት የመድኃኒት ሳህኗን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ለወጣቶቹ የነገርኳቸው ይህን ነው። ባለ መነጽሩ ልጅ፣ «እና መልሱ ምንድን ነው?» አለኝ። እኔም ያን መጽሐፍ በየዘመኔ እንደገና እያነበብኩ የደረስኩበትን ነገርኩት። ውብ ቋንቋ አንባቢን ወደ መጽሐፉ ይጠራዋል፤ መምህሬ አልተሳሳቱም። መጽሐፉን የሚያኖረው ግን የታሪኩ ሰዎች እንደ ጎረቤት የምንጣላቸውና የምናዝንላቸው ሆነው መገኘታቸው ነው። ወደ ሌላ ቋንቋ በቃል ሲሻገሩም አይሞቱም። እኛ ስናረጅ ደግሞ ሌላ ፊታቸውን ያሳዩናል። እኔ ልጆች አሳድጌ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ስንቴ አፌን ከያዝኩ በኋላ ነው ያ ነጋዴ ያሳዘነኝ። አቶ ዳንጊሶ ያኔ ያዩትን ለማየት ዕድሜዬ ነው የፈጀብኝ።

እውነቱን ለመናገር ወደዚያ ስሄድ ፈርቼ ነበር። የዛሬ ልጆች ስልካቸውን እየነካኩ ይሰሙኛል፣ መጽሐፉም ከእኔ ትውልድ ጋር አብሮ ይቀበራል ብዬ። ልንነሳ ስንል ግን ከኋላ የነበረች፣ እስከዚያ ድረስ ምንም ያልተናገረች ልጅ ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ አድርጊልኝና» አለች፣ «እኔ አልስማማም። ምንም ቢፈራ ልጁን አላውቀውም አይልም! እኔ ያንን ሰውዬ መቼም ይቅር አልለውም!»

ሌሎቹ ተንጫጩ፤ ግማሹ ከእሷ ጋር፣ ግማሹ ከነጋዴው ጋር ሆነ። ማንም ወደ እኔ አላየም። ቦርሳዬን አንስቼ እፎይ እያልኩ ወጣሁ።