ለእህቴ ቁስል ያቃሰትኩላት ቀን

ወገኖቼ፣ እኔ ኢክራም በከባድ ጸጸት የምነግራችሁ ነገር አለኝ... ትናንት ከሰዓት እዚሁ ደሴ፣ አራሶች ክፍል ውስጥ፣ በሰው ቁስል አቃስቻለሁ።

እህቴ ፋጤ በኦፕራሲዮን ወለደች። ከወለደች በኋላ የቁስሉ ሕመም እንዳይሰማት ሐኪሙ ጀርባዋን ወግቶ አደነዘዛት። አጠገቧ የተኛችውን አራስ ደግሞ ሆዷን ግራና ቀኝ ወጋት። የትኛው እንደሚሻል ብጠይቀው «እሱን እኮ ነው በጥናት እያየን ያለነው» አለኝ። ግራ ገባኝ። ሆድ ቀዶ ጀርባ መውጋት... ጣሪያው እያፈሰሰ ወለሉን እንደ መጠገን አይሆንም?

ብቻ ፋጤን ምንም አላመማትም። ልጇን እያጠባች ትስቃለች። ችግሩ እሱ ነው። አማቷ እትየ ዘሃራ በጠዋት ከደጋን መጥተው ራስጌዋ ተሰይመዋል፤ ጠያቂ ብቅ ባለ ቁጥር ይቆነጥጧታል።

«አቃስቺ እንጂ ልጄ። ሆዷ ተቀዶ ትስቃለች ይበሉን?»

«ካላመመኝስ እትየ?»

«የሰው ዓይን አለ። እኔ ስወልድ ደጋን ሙሉ ሰምቶኛል።»

ፋጤ ሞከረች። የበግ ሳል የመሰለ ነገር ከአፏ ወጣ። አሳዘነችኝ... በብርድ ልብስ ተሸፋፈኚ አልኳትና፣ እትየ ዘሃራ ሳያዩኝ በሁለቱ አልጋ መሃል ካለው መጋረጃ ጀርባ ገብቼ እኔ አቃሰትኩላት። ወላሂ አምሮብኝ ነበር። ከሆጤ ሰፈር የመጡ ጠያቂዎች ከንፈራቸውን መጠጡ። እትየ ዘሃራም የፋጤ ድምፅ መስሏቸው «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ።

ለካ ሐኪሙም ሰምቷል።

«የጀርባው አልያዘም ማለት ነው» አላት ነርሷን። «ጠንከር ያለ መርፌ ስጫትና ትተኛ። ልጁን ለጊዜው ውሰዱት።»

ፋጤ ብርድ ልብሱን ገልጣ ልጇን እቅፍ አደረገች። «ዶክተር፣ ምንም አላመመኝም።»

«ጥርሷን ነክሳ ነው» አሉ እትየ ዘሃራ። «ስታቃስት ሁላችንም ሰምተናል።»

በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቄ ሳይ ነርሷ መርፌውን መሙላት ጀምራለች። የፋጤ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ይሄኛው የእውነት ነው። እኔ ግራ ተጋባሁ... ብናገር እትየ ዘሃራ በሰው ፊት ያፍራሉ፤ ዝም ብል ልጇን ይወስዱባታል።

ሌላ ዘዴ አልመጣልኝም። ጮክ ብዬ አቃሰትኩ።

ሁሉም ፋጤን አዩ። አፏ ግጥም ብሏል። ሐኪሙ ወደ ጎረቤቷ ዞረ። «የሆዱም አልያዘም እንዴ?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም» አለች ሴትዮዋ።

እትየ ዘሃራ በምርኩዛቸው ጫፍ መጋረጃውን ቀስ አድርገው ገለጡት።

«ኢክራም።»