ሞጣ ሲደርስ ጎራዴ የሆነው ምላጭ

ጉበቴ ውስጥ ሄፓታይተስ የሚባል ቫይረስ እንዳለ ሐኪሙ የነገረኝ ጠዋት ቢቸና ላይ ነው። እኩለ ቀን ሞጣ ስደርስ ጉሊት ላይ ያለው ጎመን እንኳ ሰምቶ ነበር። ሚኒባስ ነጂ ነኝ፤ የመኪናዬም የአፌም ፍሬን ደካማ ነው።

«ሲ ነው የተባለው» እላለሁ ለተሳፋሪው። «ቢ ቢሆን ኖሮ ‹ቢድን› ትሉ ነበር። ሲ ስለሆነ ‹ሲድን› በሉ። ክኒን መጥቶለታል።»

ሰው ስቆ «አይዞህ» ይለኛል። ከተሰጠኝ ማር ብዛት ንብ እስከ ቤቴ ይከተለኝ ጀመር። ጓደኞቼም አረቄ መከልከሌን ሰምተው ድርሻዬን እየጠጡ አዘኑልኝ።

ሐኪሙ ቤተሰብ ይመርመር ስላለ፣ ሞጣ ጨርቅ የምትነግደውን ታናሽ እህቴን አስመረመርኳት። እሷም አለባት።

«ለባልሽ ንገሪው» አልኳት። «ክኒኑ ሦስት ወር ነው፤ ባሕር ዳር መመላለስም አለው። ተደብቆ አይሆንም።»

ጣቃውን እየጠቀለለች «አንተ ስትናገር ‹አይዞህ› አሉህ» አለች። «እኔን ‹ከማን አመጣሽው?› ነው የሚሉኝ።»

«የጉበት ነው እኮ።»

«‹ቫይረስ› ብዬ ‹የጉበት› እስክል ፈትቶኛል።»

ጣቃውን መደርደሪያው ላይ ሰቅዬላት ወጣሁ። ወደ ቢቸና ስመለስ ያለችውን አሰብኩት። ያን ሁሉ ሕዝብ ሳሰለች «ከማን?» ያለኝ አንድ ሰው የለም። ሱሪ ለባሽ ላይ ቫይረሱ በገዛ እግሩ የሚመጣ ይመስል።

የጠየቀኝ ሐኪሙ ብቻ ነበር። ልጆች ሳለን እኔና እህቴ በአንድ ቀን፣ በአንድ ምላጭ እንጥላችንን እንደተቆረጥን ነገርኩት። «ከዚያ መሆኑ በእርግጠኝነት ባይታወቅም፣ በምላጭ ይተላለፋል» አለኝ።

በማግስቱ ወሬዬን ቀየርኩ። እህቴን አላነሣሁም፤ ያወራሁት ስለ ራሴ እንጥል ብቻ ነው። ቢቸና ላይ ምላጭ የነበረው ደብረ ወርቅ ሲደርስ ቢላ፣ ሞጣ መናኸሪያ ሲገባ ጎራዴ ሆነ። ተሳፋሪው ጉሮሮውን ይዞ ይወርድ ነበር። አንዲት እናትማ «ልጄ፣ እኔም እኮ እንዲሁ ነው የተቆረጥኩት። ልመርመር እንዴ?» አሉኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እህቴ ቤቷ ጠራችኝ። ባሏ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፣ እሷ ቆማለች። ዝም በል ብላ በዓይኗ አዘዘችኝ፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ላልታዘዝኩት ትእዛዝ ታዘዝኩ።

«ተመርምሬ ነበር» አለችው። «ቫይረስ አለብሽ ተባልኩ።»

ባሏ ብድግ ብሎ ወደ ደጁ ሄደ። ደጁ ሦስት እርምጃ ነው፤ እኔ ግን ሱዳን ደርሶ እስኪመለስ ያህል ጠበቅሁ። ዞሮ እኔን አየኝ።

«በዚያ ጎራዴ ነው?»

«አዎ» አለች። «ምላጭ ነበር ግን።»

«እኔ መናኸሪያ የሰማሁት ጎራዴ ነው» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። «እኔም መመርመር ይኖርብኝ ይሆን?» አላት።

«ይኖርብሃል።»

«እንግዲያው ሰኞ ባሕር ዳር አብረን እንሄዳለን። አማቼ፣ አንተ ትወስደናለህ። ታዲያ ስትነዳ አታውራ።»

ሰኞ እንደታዘዝኩት ምላሴን ነክሼ ነዳሁ። ከሞጣ እንደወጣን ከኋላ የተቀመጠች ተሳፋሪ እህቴን «ለምን ጉዳይ ነው የምትሄጂው?» አለቻት።

«ለጉበቴ» አለች እህቴ። «ሲ ነው የተባለው። ቢ ቢሆን ኖሮ…»

ቀልዴን ከአፌ ነጥቃ ጨረሰችው። ባሏ ከሁሉም በላይ ሳቀ።